የዲስክ ጥምረት በሊኑክስ ዎርክስቴሽን ላይ፤ ካርዱ የሚሸከመውና የማይሸከመው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በሊኑክስ በሚሠሩ ዎርክስቴሽኖች ላይ የሬይድ ካርድ ስለ መትከል ነው። ርእሱ ጠባብ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ካርድ ገዝቶ በማሽኑ ውስጥ መሰካት፣ ጥቂት ዲስኮች ማገናኘት፣ ከዚያም ሥራን መቀጠል ነውና ምን የሚያስረዝም ነገር አለው የሚል አይጠፋም። እኔም ከዓመታት በፊት እንደዚሁ አስብ ነበር። እንዲህ ማሰቤ ምን እንዳስከፈለ አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ወደ ሙያው ነገር እገባለሁ።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለካርታ ሥራ የሚያገለግል ዎርክስቴሽን ነበር። ስድስት ዲስኮች በአንድ ካርድ ሥር በሬይድ 5 ተጣምረው የአየር ፎቶግራፎችንና የመስክ ልኬቶችን ይይዙ ነበር። ካርዱን የመረጥሁት፣ የሰካሁትና ሊኑክሱን የጫንሁት እኔ ነኝ። ሥራውን ሳስረክብም «ከእንግዲህ አንድ ዲስክ ቢሞት እንኳ ሐሳብ አይግባችሁ» ብዬ ነበር የወጣሁት። ንግግሬ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ አንዱ ዲስክ ሞተ። ካርዱም እንደ ተሠራበት ዓላማ ይጮህ ጀመር። ጩኸቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ለሠራተኞቹ የነገራቸው ስላልነበረ፣ ከመካከላቸው አንዱ ማሽኑ ሲነሣ በሚገኘው የካርዱ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ድምፁን ዘጋው። ድምፁ ቆመ፤ ፋይሎቹም እንደ ወትሮው ይከፈቱ ስለነበር ሥራው ቀጠለ። ሰባት ወር ያህል እንዲህ ተሠራ። ሁለተኛው ዲስክ በሞተ ዕለት ግን ያ ሁሉ ሀብት በአንድ ጊዜ ከሊኑክስ ዐይን ተሰወረ።

የአየር ፎቶግራፎቹን ከተገኙበት ምንጭ ዳግም ማምጣት ተቻለ። ከመስክ ልኬቶቹ የዳነው ግን አንዲት ባልደረባ ቤቷ ወስዳ ለመሥራት ስትል በውጭ ዲስክ የገለበጠችው ብቻ ነበር። ለቀሪው የልኬት ቡድኑ ወራት ሙሉ በእግሩ የዞረበትን አገር እንደገና ሊዞር ግድ ሆነበት። ሲመለሱም ምልክት ካደረጉባቸው ድንጋዮች አንዳንዶቹ በእርሻ ተነቅለው አገኟቸው። ጥፋቱን ድምፁን በዘጋው ወጣት ላይ ለመጣል የፈለጉ ነበሩ። እኔ ግን ከእርሱ ይልቅ የእኔ ጥፋት እንደሚበልጥ ያን ጊዜም ተናግሬአለሁ፤ ዛሬም የምናገረው ስለዚሁ ነው።

የሐሳቡ መነሻ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ጽሑፍ ነው። በዚያ ዘመን ለትልልቅ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩ ዲስኮች እጅግ ውድ ነበሩ፤ ለግል ኮምፒዩተር የሚሠሩት ትንንሾቹ ደግሞ ርካሽ ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ብዙ ትንንሾችን አጣምሮ የትልቁን ሥራ ማሠራት እንደሚቻል ሦስቱ ሊቃውንት አስረዱ። ነገር ግን ዲስኮቹ በበዙ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የሚሞትበት ጊዜ እየቀረበ ይመጣል። ስለዚህ የአንዱ ሞት የሁሉ ሞት እንዳይሆን ትርፍ መረጃ መያዝ አስፈለገ። በስሙ ውስጥ የነበረው «ርካሽ» የሚለው ቃል ኋላ በነጋዴዎች ዘንድ «ራሱን የቻለ» በሚል ተተክቷል። የካርዱን ዋጋ የጠየቀ ሰው ለምን እንደ ተተካ አይጠፋውም።

የጥምረቱን ደረጃዎች ለዚህ ጉባኤ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ለሚከተለው ነገር መሠረት የሚሆነውን ብቻ አነሣለሁ። ሬይድ 1 የካርቦን ግልባጭ ማለት ነው፤ በአንዱ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት በሌላውም ላይ ይጻፋል። ሬይድ 5ን ደግሞ በሒሳብ መዝገብ ልመስለው እችላለሁ። በአንድ ረድፍ አምስት ቁጥሮች ተጽፈው በስድስተኛው ቦታ ድምራቸው ቢሰፍር፣ ከአምስቱ አንዱ ቢፋቅ ከድምሩ ላይ ቀሪዎቹን ቀንሰን እናገኘዋለን። በእርግጥ ካርዱ የሚሠራው ድምርን ሳይሆን ኤክስኦር የተባለውን የቢት ስሌት ነው፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው። ሁለት ቁጥሮች ከተፋቁ በአንድ ድምር ማግኘት አይቻልም። ሬይድ 6 ሁለት የተለያዩ ስሌቶችን ስለሚይዝ የሁለት ዲስኮችን ሞት ይችላል። ሬይድ 10 የካርቦን ግልባጭ ያላቸውን ጥንዶች በረድፍ ያሰልፋል።

ይህን ስሌት ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ የዛሬው ርእሴ እምብርት ነው። የራሱ ማቀነባበሪያና የራሱ ማስታወሻ ያለው ካርድ ሊሠራው ይችላል። ሊኑክስ ራሱ ኤምዲ በሚባለው የከርነሉ ክፍል፣ ያለ ምንም ካርድ፣ በዋናው ፕሮሰሰር ሊሠራው ይችላል። በብዙ ማዘር ቦርዶች ላይ «ሬይድ» ተብሎ የሚሸጥ ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ይህ በአብዛኛው ስሌቱን መልሶ ለፕሮሰሰሩ የሚጥል በመሆኑ ካርድ ገዛሁ ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳይሳሳት አሳስባለሁ።

እውነተኛው ካርድ ስድስቱን ዲስኮች አጣምሮ ለሊኑክስ የሚያሳየው አንድ ትልቅ ዲስክ አድርጎ ነው። ሊኑክሱ ከኋላው ስድስት ይኑሩ አሥራ ስድስት አያውቅም። ካርዱ የሚገዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አጫጫኑ ይቀላል፤ ማሽኑም ከጥምረቱ ላይ ያለ ችግር ይነሣል። የካርዱ ዋነኛ አደጋም ይኸው ነው። አንዱ ዲስክ ሲታመም ሊኑክስ አያይም፤ ያላየውን ደግሞ አይናገርም። እኔ ያን መሥሪያ ቤት ትቼ ስወጣ የተከልሁት የታመመ የማይመስል ማሽን ነበር። ካርዱ የነበረው አንደበት ያ ጩኸት ብቻ ነበርና ጩኸቱ በተዘጋ ጊዜ አንደበቱም አብሮ ተዘጋ።

ስለሆነም ካርድ ስንተክል መጀመሪያ የምንጭነው የካርዱን መነጋገሪያ ፕሮግራም መሆን አለበት። ለሜጋሬድ ካርዶች ስቶርክሊ የተባለው ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ የጥምረቱን፣ የእያንዳንዱን ዲስክና የባትሪውን ሁኔታ ይነግራል። ስማርትሞንቱልስ የተባለው ነፃ ስብስብ ደግሞ ከሜጋሬድ ካርድ ኋላ ያለውን ዲስክ በተራ ቁጥሩ ለይቶ ስለ ጤንነቱ ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህን በየሰዓቱ የሚጠይቅና ለውጥ ሲያገኝ ለሰው መልእክት የሚልክ አጭር ስክሪፕት መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያን የግማሽ ቀን ሥራ ነው እኔ ያልሠራሁት።

አሁን ወደ ተከላው እንግባ። ዲስኮቹ ለጥምረት የተሠሩ ይሁኑ። ተራ ዲስክ ሊያነበው ያልቻለው ቦታ ሲያጋጥመው ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ለግል ኮምፒዩተር ይህ መልካም ጠባይ ነው። ካርዱ ግን ዝም ያለውን ዲስክ እንደ ሞተ ቆጥሮ ከጥምረቱ ያስወጣዋል። ለጥምረት የተሠሩት ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ በሰባት ሴኮንድ ውስጥ «አልቻልሁም» ብለው ይመልሳሉና ካርዱ የጎደለውን ከሌሎቹ ያሟላል። ደግሞም ረድፎቹን እንደ ጣሪያ ክዳን አደራርበው የሚጽፉትን፣ ኤስኤምአር የሚባሉትን ዲስኮች መሸሽ ነው፤ መልሶ ግንባታ ላይ እጅግ ይዘገያሉና። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል በቀይ መለያው ከሚሸጣቸው ዲስኮች አንዳንዶቹ የዚህ ዓይነት መሆናቸው በይፋ መታወቁን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የዲስኩን ስም ሳይሆን የሞዴሉን ቁጥር መርምሮ መግዛት ይገባል።

ካርዱ የተሠራው ለሰርቨር ነው፤ በሰርቨር ውስጥ የሚነፍሰውን ኃይለኛ ነፋስ ታሳቢ ያደረገ ነው። ጸጥ እንዲል ተብሎ በተሠራ ዎርክስቴሽን ውስጥ፣ ያውም ከሚግለው የግራፊክስ ካርድ ጎን ሲሰካ፣ ከልክ በላይ ይሞቃል። ትንሽ ፋን በፊቱ ማቆም ከብዙ ጣጣ ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ፈርምዌሩን ማደስ፣ ጥምረቱን መመሥረት፣ ስፋቱንም መወሰን ይመጣል። ስድስት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 6 ሲጣመሩ 32 ቴራባይት ይሰጣሉ። ከ2 ቴራባይት በላይ ስለሆነ የክፍፍሉ ሠንጠረዥ የግድ ጂፒቲ ይሆናል። በላዩ የሚዘረጋው የፋይል ሥርዓት ኤክስኤፍኤስ ከሆነ የካርዱን የረድፍ ስፋት ቢያውቅ ጽሑፉን በረድፉ ልክ ያሰልፋል። ሊኑክስ ራሱ ባጣመረው ላይ ይህን ራሱ ያገኘዋል፤ ካርዱ ግን ብዙ ጊዜ አይነግረውምና እኛ መንገር አለብን። የእያንዳንዱ ዲስክ ድርሻ 256 ኪሎባይት ቢሆን፣ በስድስት ዲስክ ሬይድ 6 ውስጥ መረጃ የሚይዙት በአንድ ረድፍ አራት ስለሆኑ፣ ለፋይል ሥርዓቱ 256 ኪሎባይትና አራት ብሎ መንገር ነው። ስድስት ብሎ የሚጽፍ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ሊኑክሱን ራሱን ግን በዚህ ጥምረት ላይ ሳይሆን በሌላ ትንሽ ዲስክ ላይ መጫን እመርጣለሁ፤ ጥምረቱ ሲታመም ቆሞ የሚጠይቀው ጤነኛ ሥርዓት ያስፈልጋልና።

ስለ ካሽ ጥቂት ልበል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ለምንሠራ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። ካርዱ ፈጥኖ የሚጽፍ የሚመስለው መረጃውን በራሱ ማስታወሻ ተቀብሎ ዲስኩ ላይ ሳያደርስ «ጽፌአለሁ» ብሎ ስለሚመልስ ነው። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ የተባለው ሳይጻፍ ይቀራል። ለዚህ ነው ደህና ካርድ ባትሪ፣ ወይም በአዲሶቹ ላይ ማስታወሻውን ወደ ፍላሽ ገልብጦ እስኪጨርስ የሚያቆይ ካፓሲተር፣ የሚኖረው። ባትሪ በሙቀትና በዕድሜ ይደክማል። ሲደክም ካርዱ እንደ ጠንቃቃ ሠራተኛ ዲስኩ ላይ ሳያሰፍር አልጻፍሁም ወደ ማለት ይመለሳል፤ ማሽኑም በድንገት ይንቀራፈፋል። ያን ጊዜ «ካሹን በግድ ክፈተው» የሚል አማካሪ ይመጣል። ካርዱ ይህን ይፈቅዳል፤ ፍጥነቱም ይመለሳል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በገንዘብ የገዛነውን ካርድ ከሌለበት ሁኔታ የባሰ አደገኛ አድርገነዋል። ዩፒኤስ አለን ማለት አይበቃም፤ ዩፒኤሱም ባትሪ ነው፣ እርሱም ያረጃል። የየዲስኩ የራሱ ካሽም መዘጋት አለበት፤ የካርዱ ባትሪ እርሱን አይጠብቀውምና።

ዲስክ ከሞተ በኋላ የሚመጣው መልሶ ግንባታ በቁጥር ቢታይ ሬይድ 5ን ለምን እንደ ተውሁ ያስረዳል። 8 ቴራባይት በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍ ማንም ማሽኑን ሳይነካው 15 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሥራ እየተሠራበት ከሆነ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሬይድ 5 ያሉት አምስት ዲስኮች 40 ቴራባይት አንዲትም ሳትጎድል መነበብ አለባቸው። የብዙ ተራ ዲስኮች አምራቾች የሚሰጡት ወሰን ደግሞ በ12.5 ቴራባይት ንባብ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል የሚል ነው። ይህ የከፋው ወሰን እንጂ የዘወትር ልምድ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለተኛ ስሌት የሌለው ጥምረት በዚያች ሰዓት የሚደገፍበት የለውም። ዲስኮቹን በየጊዜው በሙሉ እያነበበ የተሸሸገውን ጉድለት አስቀድሞ የሚያወጣውን የካርዱን ፍተሻ ማብራት ይገባል። ሲሸጡት የበራ ይሁን የጠፋ ማረጋገጡ የእኛ ድርሻ ነው።

ዲስክ ሲሞት ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናስባለን፤ ካርዱ ሲሞትስ? የጥምረቱ አሠራር በዲስኮቹ ላይ የተጻፈው በካርዱ ቋንቋ ነው። የአንዱን ኩባንያ ጥምረት የሌላው ካርድ በአብዛኛው አያነበውም። ከዚያው ኩባንያ የተገኘ ተመሳሳይ ወይም ተከታይ ትውልድ ካርድ ሲሰካ ዲስኮቹን «ባዕድ ጥምረት» ብሎ ይጠራና ላስገባው ወይስ ልደምስሰው ብሎ ይጠይቃል። ደንግጦ ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ያለቀሰበትን አውቃለሁ። ካርዱስ ይገኛል ወይ? ስሪዌር የተባለው ስም እ.ኤ.አ. በ2004 ለኤኤምሲሲ፣ በ2009 ለኤልኤስአይ ተሸጠ፤ ኤልኤስአይ ራሱ በ2014 በአቫጎ ተገዛ፤ አቫጎም ብሮድኮምን ከገዛ በኋላ ከ2016 ጀምሮ በብሮድኮም ስም ይጠራል። ሬድ ሃት በ2019 ባወጣው 8ኛ እትሙ የስሪዌር 9000 ካርዶችን ድራይቨር አስወግዷል። ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊኑክሱን ያደሰ ሰው ጥምረቱን ሊያጣው ይችላል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ የሞተ ካርድን ምትክ ከውጭ ማስመጣት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ለዚህ ጉባኤ አልነግርም። ስለዚህ ካርድ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁለት ይግዛ፤ ሁለተኛው በመሳቢያ ይቀመጥ። ለሁለት ገንዘብ ከሌለ አንዱንም አይግዛ፤ በሊኑክሱ ኤምዲ ያጣምር። በኤምዲ የተጣመሩትን ዲስኮች ማናቸውም ሊኑክስ ያለበት ማሽን ላይ ብንሰካቸው ይነበባሉ፤ የእያንዳንዱ ዲስክ ሕመምም በቀጥታ ይታያል።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ ለአንድ ዎርክስቴሽን ካርድ የምመርጠው ብዙ የሚሽከረከሩ ዲስኮች ሲኖሩ፣ ጽሑፉ የማያቋርጥ ሲሆንና ባትሪ ያለው ካሽ በእርግጥ ሲያስፈልግ ነው። ፕሮሰሰሮቹ ስሌቱን ያለ ድካም የሚሠሩበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ በቀጥታ የሚሰኩት የኤንቪኤምኢ ዲስኮችም የካርዱን ቦታ አጥብበዋል። ባልደረቦቼ ሆይ፣ ይህን ስል ካርድ የሚሸጡ ወዳጆቻችን እንደማይደሰቱ አውቃለሁ።

በካርድም ሆነ በኤምዲ ይሁን፣ ጥምረት የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በዋናው ደብዳቤ ላይ የሰፈረ ስሕተት በካርቦኑም ላይ ይሰፍራል፤ የተደመሰሰ ፋይል ከስድስቱም ዲስኮች እኩል ይደመሰሳል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የጊትላብ ኩባንያ አንድ ባለሙያ በስሕተት የዋናውን ሰርቨር የመረጃ ቋት ደመሰሰ። ኩባንያው ራሱ በይፋ እንደ ገለጸው፣ ከተዘረጉት አምስት የመጠበቂያ ዘዴዎች አንዱም በአግባቡ የሚሠራ አልነበረም፤ ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ያችን የውጭ ዲስኳን ቤቷ የወሰደችውን ባልደረባ ያስታውሰኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥምረት ተክዬ ከማስረከቤ በፊት፣ ፋይል እየተገለበጠበት ሳለ አንዱን ዲስክ በእጄ መዝዤ አወጣለሁ፤ ባለቤቶቹም አብረውኝ ቆመው ጩኸቱን ይሰማሉ። ከዚያ መልእክቱ ለተባለው ሰው እስኪደርስ ሰዓቴን እያየሁ እጠብቃለሁ። ባለፈው በተከልሁት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን፤ መልእክት የለም። ስክሪፕቱ ልኳል፤ የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ሰርቨር ግን ከማያውቀው ማሽን የመጣ ነው ብሎ ጥሎታል። ያን አስተካክለን ዲስኩን መልሰን ስንሰካ ካርዱ ባዕድ ነው አለን፤ የዚያን የአንዱን ዲስክ ብቻ የቀድሞ ምልክት አጥፍተን መልሶ ግንባታውን አስጀመርን። በማግሥቱ ጧት ማለቁን የሚገልጽ መልእክት ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ርክክቡን ፈረምሁ።

 ጥያቄ ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።